ያለ ቃል ይቅርታ ይሆናልን?

ሰው የበደለውን ሰው ይቅርታ ለመለመን የግድ ቃል ያስፈልገዋልን? ይህ ጥያቄ ከጉባኤ ቤት ወይም ከመጽሐፍ ትርጓሜ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፥ እንደ ልማዳችን የሊቃውንቱን ቃል በመጥቀስ እንጀምር ነበር። ዳሩ ግን ወደ እኔ የመጣው በአንድ ግልገል በግ ምክንያት ነው፤ ግልገሉም ሥጋና ደም ያለው አይደለም፥ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ቴሌቪዥን የተሠራ አሻንጉሊት ነው እንጂ። እንዲህ ያለው ነገር ካህናትና የተማሩ ሰዎች በሚያነቡት ገጽ ላይ መነሣቱ የሚያሥቀው አንባቢ ቢኖር፥ እኔም በመጀመሪያ ሥቄ ነበርና አልቀየመውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቱ ፊደል ያስቈጠርሁት፥ ዛሬ በከተማ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደርና መጽሐፍ የሚወድ አንድ ሰው ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ጠብቆ፦ «የኔታ፥ ልጄን በግ አደረጉብኝ» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብለው፥ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጁ አንድ የእንግሊዝ ጨዋታ ማየት ከለመደ ወዲህ፥ ሲጠሩት «አቤት» ማለቱን ትቶ «በእ» እያለ እንደሚመልስ፥ ይህንም በእንግዳ ፊት እንዳደረገበት እያፈረ ነገረኝ። «የሰው ልጅ ከእንስሳ የሚለየው በነባቢት ነፍሱ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ ይህ ነገር ጨዋታ ነው ወይስ ጥፋት?» አለኝ። እኔም ጨዋታውን ሳላየው፥ ለመሄድም ቸኵዬ ስለ ነበር፥ «ዝጋበት፤ አቤት ማለቱ ይመለሳል» ብዬው ሄድሁ።

ማታ ግን ኅሊናዬ ከሰሰኝ። ሳይሰሙ መፍረድ በደል ነው ብለን ሌላውን ስናስተምር ኖረን፥ ተከሳሹ ግልገል ስለ ሆነ ብቻ ያለ ምስክር መፍረድ አይገባምና፥ በማግሥቱ ወደ ሰውዬው ቤት ሄጄ ከሕፃኑ አጠገብ ተቀመጥሁ። አንዱ ክፍል ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚያ ቀን ስድስት ያህል አየሁ። ከዚያም በኋላ ሰበብ እየፈለግሁ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ ይህን መሰወር አይገባኝም።

ጨዋታው «ቲሚ ታይም» ይባላል፤ የቲሚ ጊዜ ማለት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ። ሠሪው ፒተር ሎርድና ዴቪድ ስፕሮክስተን በ1972 የመሠረቱት፥ በብሪስቶል ከተማ የሚገኘው አርድማን የተባለው ድርጅት ነው፤ የጨዋታውም አፍላቂ ጃኪ ኮክል የምትባል ሴት ናት። በ2009 ቢ.ቢ.ሲ. ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት ለማይበልጡ ሕፃናት በለየው ሲቢቢስ በተባለው የቴሌቪዥን መስመር መታየት ጀመረ። የዘሩንም ነገር እንደ ማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ብንቈጥረው፥ በ1995 ዋላስና ግሮሚት ስለሚባሉት ሰውዬና ውሻ በተሠራ ፊልም ውስጥ ሾን የተባለ በግ ተገኘ፤ በ2007 ሾን የራሱን ጨዋታ አገኘ፤ ከሾንም መንጋ ውስጥ ብቸኛው ግልገል ቲሚ ተነሥቶ በ2009 ለራሱ ትምህርት ቤት ገባ።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቲሚ በመንጋው ውስጥ ሳለ ታናሽ እርሱ ብቻ ነበርና፥ ሁሉ የእርሱ፥ ዓይን ሁሉ በእርሱ ላይ ነበረ። ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ታናናሾችን አገኘ፤ የዳክዬ ጫጩት አለች፥ የድመት ግልገል አለች፥ ቡችላ አለ፥ የፍየል ግልገል አለ፥ ኦሪት ርኩስ ብላ የለየችው የዐሣማ ግልገልም ከግልገል በግ ጋራ በአንድነት ተቀምጧል። የቀበሮ ግልገል እንኳ አለ፤ ፊሳልጎስ ቀበሮ የሞተች መስላ ተኝታ ወፎችን እንዴት እንደምታጠምድ ይነግረናልና፥ እኔ እርሱን ባየሁ ቊጥር የዳክዬዋ ጫጩት ታሳስበኝ ነበር። መምህሮቹም ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሃሪየት የምትባል እግረ ረዥም የውኃ ዳር ወፍ፥ ሁለተኛው ኦዝበርን የሚባል ጉጉት። ጉጉት በእኛ አገር በቤት ላይ ከጮኸ ሞት አሟረተ ተብሎ በድንጋይ ይባረራል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የጥበብ ምልክት ነውና የኔታ አድርገውታል። እንግዲህ በአንድ ወፍ እንኳ ያልተስማማን ሕዝቦች በአንድ ግልገል መሥቃችን የሚያስደንቅ ነው።

ምክንያቱም ይመስለኛል፥ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቃል የሚናገር የለም። በግ «በእ» ይላል፥ ውሻ ይጮኻል፥ ድመት «ሚያው» ትላለች፥ መምህሮቹም እንኳ ከገዛ ድምፃቸው በቀር ቋንቋ የላቸውም። ተረት የሚጽፉ ሰዎች ከኤዞፕ ጀምሮ እስከ እኛ አገር የጅብና የቀበሮ ተረት ድረስ እንስሳን እንደ ዳኛና እንደ ጠበቃ ያናግሩታል፤ እነዚህ ግን አላናገሩትም። ይህን ባየሁ ጊዜ መጽሐፈ ኩፋሌ ትዝ አለኝ። በምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፥ እንስሳትና አራዊት አዕዋፍም ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ልሳን ይነጋገሩ ነበር፤ አዳም ከገነት በወጣበት ቀን ግን አፋቸው ተዘጋ። የብሪስቶል ሰዎች ኩፋሌን አንብበው እንዳልሠሩት ግልጥ ነው፤ ሆኖም የሠሩት አፋቸው ከተዘጋ በኋላ ያሉትን እንስሳት ነው። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ሲግባቡ ከመዘጋቱ በፊት እንደ ነበሩት ናቸው። የሕፃናት ነገርም እንዲሁ አይደለምን? አፋቸው ገና አልተከፈተም፥ ግን ይግባባሉ።

ብሪቲሽ ካውንስል ይህንኑ ግልገል ወስዶ ሕፃናትን እንግሊዝኛ ለማስተማር ተገልግሎበታል። አንድ ቃል የማይናገረውን የቋንቋ መምህር አድርጎ መሾም በእኛ ጉባኤ ቢሆን ኖሮ ቅኔ ይቀኙበት ነበር።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ ከንቱ እንዳይመስል። አሻንጉሊቱ በራሱ አይንቀሳቀስም። ሠራተኛው በእጁ ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል፥ ሥዕል ያነሣዋል፥ ደግሞ ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል፥ ደግሞ ያነሣዋል። በፊልም አንድ ሰከንድ 24 ወይም 25 ሥዕል ነው፤ አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሡት እንኳ፥ ለዐሥር ደቂቃ ጨዋታ ከ7 ሺሕ ጊዜ በላይ እጅ ሊነካው ይገባል። ብራና ዳምጦ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ዳዊት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቍጥሩ አይደለም፤ ግልገሉ ባጠፋ ጊዜ አንገቱን የሚደፋው ቀስ በቀስ ነውና፥ ያን አንገት በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ የሚያደርገው ሠራተኛ ኀፍረት ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ በራሱ ሊያውቀው ግድ ነው። ያፈረ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን እንጂ አንገቱን አይሰብርም። ይህን ከመጽሐፍ አይማሩትም።

ታሪኮቹ ቀላሎች ናቸው። ግልገሉ አንደኛ ልሁን ይላል፥ የሌላውን ይመኛል፥ መጋራት ያቅተዋል፥ ያበላሻል። አንደኛው ክፍል ቲሚ ከበሮውን እንደ ፈለገ የሚናገር ርእስ አለው፤ በማኅሌት አጠገብ ያደገ ሁሉ ከበሮ የፈለገ ልጅ ምን እንደሚመስል ያውቃልና ሌላ ትርጓሜ አልጨምርበትም። ከጥፋቱ በኋላ ያዝናል፤ ካዘነም በኋላ ወደ በደለው ይሄዳል። ቃል የለውምና ይቅርታውን በአንገቱ፥ በእጁና በ«በእ» ብቻ ያደርጋል። ያ «በእ» ግን ሲቀማ ከሚለው «በእ» ጋራ አንድ አይደለም፤ ፊደሉ አንድ ሲሆን ዜማው ልዩ ነው።

ይህን ስመለከት ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄድሁ። የቆሎ ተማሪ የነበረ አንባቢ ያለ እኔ ነጋሪነት ያውቀዋል፤ እኛም ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነበረን። በየደጁ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እንላለን፤ ሌላ የምንለው የለም። ሆኖም የቤቱ እመቤት ከውስጥ ሆና፥ ይህ የጠገበ ነው ልማድ ያቆመው፥ ይህ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ነው፥ ይህ እናቱ የናፈቀችው ነው ብላ ከዜማው ብቻ ትለይ ነበር። የቅኔ ሰው ነኝና ሳልናገር ባልፍ ይቈጨኛል፤ የእኛም ልመና የሚጀምረው «በእ» ብሎ ነው። ልብሳችንም ደበሎ ነበር፥ የበግ ለምድ።

በጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በአንዲት ጎጆ አብሮኝ የሚያድር፥ በዕድሜ የሚበልጠኝ፥ አንደበቱ የሚያዝ ልጅ ነበረ። ቅኔው ያማረ ሳለ ለየኔታ ሊነግር ሲቆም የመጀመሪያው ቃል ከጕሮሮው አልወጣ ይለዋል፤ የኔታ ታግሠው ይጠብቁታል፥ እኛ ግን በደበሏችን ጫፍ አፋችንን ሸፍነን እንሥቃለን። እኔ ከሁሉ ይልቅ እሥቅ ነበር፤ ማስመሰልም እችልበት ነበር።

ክረምት ነበረ፤ ክረምት ደግሞ የገበሬው ጐተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነውና የተማሪ አኩፋዳ ባዶውን ይመለሳል። በዚያ ቀን ግን አንዲት እናት ከምጣድ የወጣ ትኵስ ግማሽ እንጀራ ሰጡኝ። ከአኩፋዳዬ አላገባሁትም፤ በደበሎዬ ሥር ከሆዴ ጋራ አጣብቄ ሰወርሁት፤ ሙቀቱ እስካሁን ይታወቀኛል። ጎጆ ስደርስም ባዶውን አኩፋዳ ገልብጬ አሳየሁና «ውሻ አባረረኝ» አልሁ። ያ ልጅ ሁለት የደረቀ የዳጉሳ ቂጣ ቁራሽ ነበረው። ምንም አላለም፤ መናገር ያደክመው ነበርና ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። ትልቁን ሰጠኝ። ትኵሱ እንጀራ በሆዴ ላይ ሳለ የእርሱን ቂጣ በላሁ፤ ስበላም እያየ ፈገግ ይል ነበር።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ንስሐ ምን እንደሆነ ገና አልተማርሁም፤ በደረቴ ላይ አንድ ነገር እንደ ድንጋይ መቀመጡን ብቻ ዐውቃለሁ። ተነሥቼ በጨለማ እየዳበስሁ ያን እንጀራ በግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ከእርሱ አኩፋዳ ውስጥ አገባሁት፤ ተመልሼም ተኛሁ፥ ድንጋዩም የተነሣልኝ መሰለኝ። ሲነጋ አኩፋዳውን ከፍቶ እንጀራውን አገኘ። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፥ አማተበ፥ እመቤታችን የላከችለት ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያም ለሁለት ቈረሰና ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ።

ያንንም በላሁት።

ከመስቀል በኋላ ወደ ሌላ አገር መምህር ሄደ፤ ዳግመኛም አልተገናኘንም። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ንስሐ ብዙ ተምሬአለሁ፥ ብዙም አስተምሬአለሁ። የሰረቀ የሰረቀውን ይመልስ ይባላል፤ እኔም መልሼ ነበር። ቃል አልተናገርሁም፤ ግልገሉም አይናገርም። ታዲያ የግልገሉ ዕርቅ ሆኖ የእኔ ያልሆነበት ምክንያት ምንድር ነው?

ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ሳወጣና ሳወርድ፥ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ግልገሉ በብርሃን ይሄዳል። ዓይኑን ከበደለው ዓይን ጋራ ያገናኛል፥ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። እኔ በጨለማ ሄድሁ፤ እንጀራውን መለስሁ፥ ፊቴን ግን ሰወርሁ። እንግዲህ የጎደለኝ ቃል አልነበረም፤ የጎደለኝ ፊት ነበረ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፥ ወንድሙ የተቀየመው ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ሲያዝዝ፥ ምን ብሎ እንደሚናገር አላስተማረውም፤ እንዲሄድ አዘዘው እንጂ። የሚናገረውን ቃል ለእርሱ ተወለት፥ መሄዱን ግን አልተወለትም።

የጴጥሮስም ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ጴጥሮስ ከሐዋርያት ሁሉ ቃል የማያጥረው ነበረ፤ ከመካዱ በፊት ብዙ ቃል ተናግሯል፥ ሲክድም በቃል ነው የካደው፥ በመሐላም አጸናው። ወደ ንስሐ የመለሰው ግን ምንድር ነው? የዶሮ ጩኸትና የጌታ ዘወር ብሎ ማየት። ዶሮ ቃል የለውም፤ ጌታም በዚያች ሰዓት እንደ ተናገረው ሉቃስ አልጻፈም፥ ተመለከተው ይላል እንጂ። ከእንስሳ ወገን አንድ ድምፅ፥ ከአምላክ ወገን አንድ ፊት፤ ያ ሁሉ ቃል የነበረው ሰው በእነዚህ በሁለቱ ተሰብሮ ወጥቶ አለቀሰ። ቃሉ በኋላ መጣ። ከትንሣኤ በኋላ በባሕር ዳር፥ በፍም አጠገብ፥ ቍርስ ከበሉ በኋላ ጌታ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም መለሰ፤ አደራውም ስለ ግልገሎችና ስለ በጎች ነበረ። ስለዚህ ቃል አያስፈልግም አልልም፤ እንዲህ ብል የምኖርበትን ሥራ መካድ ይሆንብኛል። ነገር ግን ቃል በተራው ይመጣል፤ ተራውን ቀድሞ የመጣ ቃል ግን ፊትን መሰወሪያ ይሆናል። ዛሬ የበደሉትን ሰው ሁለት ደረጃ ወጥቶ ማየት ሲቻል «ይቅርታ» የሚል ጽሑፍ በስልክ ልኮ መተኛት ተለምዷል። እንደዚህ ያለው ሰው የእኔን እንጀራ በጨለማ እንደ መመለስ ያለ ሥራ ሠራ እንጂ ግልገሉ ያደረገውን አላደረገም።

በዚህ ሁሉ ጨዋታው ጕድለት የለውም አልልም። የመጀመሪያው፥ ዕርቁ ፈጥኖ ያልቃል። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ማጥፋት፥ ማዘን፥ መሄድ፥ ይቅር መባልና መሣቅ ሁሉ ይፈጸማል፤ ግልገሉ ሄዶ ተበዳዩን ያላገኘበት ቀን የለም። እኔ ግን ሄጄ ያላገኘሁት ሰው አለኝ፤ ሕፃናትም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማቸዋል። ሁለተኛው፥ በዚያ እርሻ ቢላዋ የለም። የእኛ ልጆች በጉን በሆሣዕና ሰሞን ይላመዱታል፥ ሣር ያበሉታል፥ ስም ያወጡለታል፥ በፋሲካ ዋዜማም አጥተውት ያለቅሳሉ፤ በግ ምን እንደሆነ በዚያ ልቅሶ ያውቃሉ፥ ቈይተውም ስለ እውነተኛው በግ ሲነገራቸው ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። የእንግሊዝ ሕፃናት ምሳቸውን በልተው ቲሚን ሲያዩ በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር የሚነግራቸው የለም። ሆኖም ስለ ሦስት ዓመት ሕፃን ነው የምንነጋገረውና በዚህ አልጸናም፤ ሁሉም በጊዜው ነው።

በግ ያለ ቃል ሲያስተምር ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 53 በሸላቾቹ ፊት አፉን ስላልከፈተው በግ ጽፏል፤ ይህንንም ክፍል በጋዛ መንገድ በሠረገላ ላይ ተቀምጦ ያነብ የነበረው የእኛው ሰው፥ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ነው። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፥ ማንበብም ያውቅ ነበር፤ የዝምተኛውን በግ ነገር ግን ብቻውን ሊረዳው አልቻለም። ፊልጶስም ከሩቅ ሆኖ አልጮኸለትም፥ መጽሐፉንም ዝጋ አላለውም። ሮጦ ደረሰበት፥ ወጥቶም ከአጠገቡ ተቀመጠ፥ ከዚያም ካነበበው ጀምሮ ነገረው። እኔ በደጀ ሰላም «ዝጋበት» ብዬ የፈረድሁት ፍርድ በዚህ ምክንያት ፈረሰብኝ፤ ለሰውዬውም ፍርዴን ማንሣቴን ነግሬዋለሁ። ፊት ለፊት ነው የነገርሁት።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ልጨምርና ላብቃ። ከሕፃኑ ጋራ ተቀምጠን ስናይ አባቱ በሚቀጥለው ክፍል ነበረ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር ይታየኛል፥ ዓይኑ በስልኩ ላይ ነው። ዓይኑን ሳያነሣ የልጁን ስም ጠራ። ሕፃኑም ሳይዞር «በእ» አለ። ሁለተኛ ጠራው፤ «በእ» አለ። አባቱም ከዚያው ሆኖ «ይሰማሉ የኔታ?» አለኝ። «እሰማለሁ፤ ግን አንተስ ከወዴት ሆነህ ነው የምትጠራው?» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ትቶ መጣና በልጁ በኩል ከምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ለምንጣፍ የማይመች የሥራ ልብስ ለብሶ ነበርና ጕልበቱን እንዴት እንደሚያደርገው ቸገረው። በመስኮቱ ላይ ግልገሉ አጥፍቶ አንገቱን ደፍቷል። አባቱም እኔን ለማስረዳት እንጂ መልስ አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ልጁን ጠየቀው።

ሕፃኑ ዓይኑን ከግልገሉ ላይ ሳያነሣ እጁን በአባቱ ጕልበት ላይ አኖረና፦ «አፍሮ ነው» አለ። «አሁን ይሄዳል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ጓደኛው።»